የ20 ሰከንድ አኒሜሽን ማስታወቂያ ለአነስተኛ ድርጅት፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ፋይል

አንድ አነስተኛ ድርጅት ማስታወቂያ ሲያሠራ ሁሉም ነገር እንዲነገርለት ይፈልጋል። ሥራ ከጀመረ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ የሚሰጠው አገልግሎት በሙሉ፣ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ ቅናሽ፣ ከዚያ ደግሞ «ጥራት መለያችን ነው» የሚል መፈክር። ባለቤቱ አይፈረድበትም፤ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነው። ግን 20 ሰከንድ ይህን ሁሉ አይሸከምም። አንድ ነገር ብቻ ከሰጣችሁት በደንብ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ያንን አንድ ነገር ከመፈለግ ነው። ስክሪፕቱ፣ ሥዕሉ፣ እንቅስቃሴውና ድምፁ እሱን ተከትለው ይመጣሉ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደንበኛችሁ ላውንደሪ ነው እንበል። ጠዋት የተቀበለውን ልብስ አጥቦና ተኩሶ ማታ ያስረክባል።

1. መጀመሪያ ጠይቁ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። «ምን ዓይነት ማስታወቂያ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የሌላ ድርጅት ቪዲዮ ያሳያችሁና «ልክ እንደዚህ» ይላችኋል። የሚከተሉት ጥያቄዎች የበለጠ ፍሬ አላቸው፦

- አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ወይም ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው?
- አንዴ የመጣ ሰው ለምን ተመልሶ ይመጣል?
- ቪዲዮውን ያየ ሰው ወዲያው ምን እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው? ይደውል? ይምጣ? መልእክት ይላክ?
- ቪዲዮው የሚታየው የት ነው? ስልክ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ወይስ ሱቁ ውስጥ በተሰቀለ ስክሪን ላይ?

ከሁሉም ወርቅ የሆነው የመጀመሪያው ነው። የላውንደሪው ባለቤት ስለ ማሽኖቹ ዘመናዊነት ብዙ ሊያወራችሁ ይችላል። ደንበኞቹ ግን ስለ ማሽን አይጠይቁም። የሚጠይቁት «መቼ ይደርሳል?» ብለው ነው። በቃ፣ ማስታወቂያችሁን አገኛችሁት። ከተቻለ እዚያው ቆማችሁ ልብስ ሊሰጡ የመጡ ሰዎችን አነጋግሩ። ባለቤቱ ለምዶት እንደ ቁም ነገር የማይቆጥረውን እነሱ ይነግሯችኋል።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ጠዋት የሰጡንን ልብስ ማታ ይረከባሉ።» ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ከፊታችሁ ለጥፉት። በሥራው መሐል አዲስ ሐሳብ በመጣ ቁጥር «ይህን ዓረፍተ ነገር ያጠናክረዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላጠናከረው ይውጣ።

አንድ ነገር ግን አጣሩ። የተባለው እውነት ነው? ብርድ ልብስና ምንጣፍም በዚያው ቀን ይደርሳል? በሥራ የሚጨናነቁበት ቀንስ? ማስታወቂያው የማይፈጸም ነገር ቃል ከገባ የሚያፍረው ባለቤቱ ነው፤ እናንተ ክፍያችሁን ይዛችሁ ሄዳችኋል። ባለቤቱ «ለሸሚዝና ለሱሪ ብቻ ነው» ካላችሁ ቪዲዮው ውስጥ ሸሚዝና ሱሪ ብቻ አሳዩ።

2. ስክሪፕቱ

የሚነበበውን ጽሑፍ ጻፉ። ለላውንደሪው ይህን ይመስላል፦

«ዛሬ ማታ ግብዣ አለ። ሸሚዝዎ ግን አልታጠበም።
ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ይስጡን።
ማታ ሲመለሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይጠብቅዎታል።
ጠዋት ሰጥተው ማታ ይረከቡ።»

ሁሉም 21 ቃል ነው። «አነሰ» እንዳትሉ። በእንግሊዝኛ የሚቀርቡ ትምህርቶች ላይ ለ30 ሰከንድ 75 ቃል ገደማ የሚል ስሌት ታገኛላችሁ። ለአማርኛ አትጠቀሙበት። «ይጠብቅዎታል» ብለን በአንድ ቃል የምንለው እነሱ ዘንድ ሦስት አራት ቃል ይሆናል፤ ስለዚህ የእኛ ቃል ቁጥሩ አነስ፣ ርዝመቱ ሰፋ ይላል። የሚያዋጣው የስልካችሁን የሰዓት መቁጠሪያ ከፍቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። በልብ ማንበብ አይቆጠርም፣ ዓይን ከአፍ ይፈጥናል። ድምፁ ከጠቅላላው ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ቢይዝ በቂ ነው። የቀረው ለሙዚቃው፣ ለእንቅስቃሴውና ለተመልካቹ መተንፈሻ ነው።

እየጮሃችሁ ስታነቡ ምላሳችሁን የሚያደናቅፍ ቃል ካለ ቀይሩት። «አገልግሎት አሰጣጣችንን ቀልጣፋ በማድረግ» የሚባለው ዓይነት አነጋገር ወረቀት ላይ ያምራል፣ ጆሮ ላይ ግን ቶሎ ይጠፋል። ሰው ለጎረቤቱ በሚነግርበት ቋንቋ ጻፉት።

ሌላው መታሰብ ያለበት ነገር፣ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ቪዲዮ የሚያየው ድምፁን ዘግቶ ነው። ስለዚህ ከ21ዱ ቃል ውስጥ ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ የሚወጡትን ምረጡ። ሁሉንም አትጻፉ። «ጠዋት ሰጥተው ማታ ይረከቡ» የግድ መጻፍ አለበት። ቀሪውን ሥዕሉ ይናገር።

3. ስቶሪቦርድና አኒማቲክ

ስቶሪቦርድ ማለት ቪዲዮውን በቅደም ተከተል የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው። ወረቀት ላይ አምስት ሳጥን ሳሉ። የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም፣ ክብና መስመር ይበቃል። ለእኛ ሥራ እንዲህ ይከፋፈላል፦

ከ0 እስከ 3 ሰከንድ፦ እድፍ ያለበት ሸሚዝ ከላይ ወርዶ ባንኮኒ ላይ ዱብ ይላል።
ከ3 እስከ 7፦ ሸሚዙ ተንሸራቶ ክብ በር ያለው ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል።
ከ7 እስከ 12፦ ክቡ በር ሰዓት ይሆናል። የሰዓቱ ዘንግ (ጠቋሚው) ይዞራል፣ ከኋላ ያለው ቀለም ከጠዋት ቢጫ ወደ ማታ ሰማያዊ ይቀየራል።
ከ12 እስከ 16፦ ንጹሕ ሸሚዝ በማንጠልጠያ ላይ። ዋናው ጽሑፍ ይወጣል።
ከ16 እስከ 20፦ ሎጎ፣ ስልክ፣ አድራሻ።

የማስታወቂያው ልብ ሦስተኛው ሳጥን ነው። የማሽኑ በር ክብ ነው፣ ሰዓትም ክብ ነው። በውስጡ ያለው ሽክርክሪት ሳይቋረጥ በሩ ሰዓት ሲሆን «ጠዋት ሰጥተው ማታ ይረከቡ» የሚለው ሐሳብ ያለ አንድ ቃል ይታያል። ለማንኛውም ድርጅት ስትሠሩ እንዲህ ያለ ቅርጽ ፈልጉ። በዕቃው ውስጥ ያለ ክብ፣ መስመር ወይም እንቅስቃሴ ከመልእክቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል። እሱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ብታጠፉ አይቆጫችሁም፤ የሞሽን ግራፊክስ (የተንቀሳቃሽ ዲዛይን) ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በካሜራ የማይቀረጽ ነገር ማሳየት ካልቻላችሁ ሸሚዙን በስልክ መቅረጽ ይሻላችኋል።

በሎጎ አትጀምሩ። ማንነታችሁን የማያውቅ ሰው ሎጎ አይቶ አይቆምም፣ ጣቱን ገፋ አድርጎ ያልፋል። በችግሩ ጀምሩ፤ እድፍ ያለበት ሸሚዝ ለማንም ሰው ይገባዋል።

የስክሪኑን ቅርጽ አሁኑኑ ወስኑ። ለአግድም ቪዲዮ 1920 በ1080፣ ለቁም 1080 በ1920፣ ለካሬ 1080 በ1080 ፒክስል ነው። የቁም ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ከታችና ከቀኝ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ክፍት ተዉ። የማኅበራዊ ሚዲያው አዝራሮችና መግለጫ ጽሑፍ እዚያ ያለውን ይጋርዱታል። ስልክ ቁጥሩን ታች ካስቀመጣችሁት ማንም አያየውም።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል፣ አኒማቲክ። የሳላችኋቸውን ሳጥኖች በስልክ ፎቶ አንሱ። ስክሪፕቱን ራሳችሁ አንብባችሁ ቅረጹ። ሁለቱን ማንኛውም የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ገጣጥሙና 20 ሰከንድ አድርጉት። ይህን ለባለቤቱ አሳዩ። «እዚህ ጋ ቀደም ቢል፣ ያ ቢቀር» የሚባለው እዚህ ላይ ቢመጣ ማስተካከያው አሥር ደቂቃ ነው። አኒሜሽኑ ካለቀ በኋላ ከመጣ ሙሉ ቀን ይበላል። ባለቤቱ አኒማቲኩን «እሺ» ሳይል ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትሂዱ። እሺታውን ደግሞ በጽሑፍ ያዙት፣ የስልክ መልእክትም ቢሆን ይበቃል።

4. ዲዛይን

ቀለም ከሦስት አይብለጥ። አንዱ የድርጅቱ ዋና ቀለም፣ ሁለተኛው የጀርባ፣ ሦስተኛው ዓይን የሚስበው። ለእኛ ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ ሐሳቡን ራሱ ስለሚናገሩ ምርጫው ቀላል ነው። ሸሚዙ ነጭ ይሁን፤ ቢጫው ላይ እንዳይጠፋ ጠርዙን በጥቁር ሰማያዊ መስመር ክበቡት።

ሎጎውን በቬክተር ፋይል (ሲጎላ በማይደበዝዝ ፋይል) ጠይቁ፤ ኤስቪጂ፣ ኢፒኤስ፣ ኤአይ ወይም ከዲዛይን ሶፍትዌር በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ። ባለቤቱ የሚልክላችሁ ከቢዝነስ ካርድ ላይ የተነሳ ፎቶ ሊሆን ይችላል። እሱን አጉልታችሁ አትጠቀሙ፣ ይደበዝዛል። ኢንክስኬፕ ወይም ኢሉስትሬተር የሚባለውን የቬክተር መሳያ ሶፍትዌር ከፍታችሁ እንደገና ሳሉት። ለሕትመት የተሠራ ሎጎ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ሲኤምዋይኬ (የሕትመት ቀለም) ስለሚሆን ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ቀይሩት፤ ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ስክሪን ላይ አይታችሁ ተስማሙበት።

ሥዕሉን ስትሠሩ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ለየብቻ ሌየር (ንብርብር) ላይ አድርጉ። የሸሚዙ ሰውነት አንድ፣ ግራ እጅጌ አንድ፣ ቀኝ እጅጌ አንድ፣ ኮሌታ አንድ፣ እድፉ አንድ፣ ጥላው አንድ። ለየሌየሩ ስም ስጡት። «ሌየር 47» የሚል ነገር ሲበዛ ከሁለት ቀን በኋላ የራሳችሁ ሥራ እንግዳ ይሆንባችኋል።

ስለ ፊደል ትንሽ ሰፋ አድርገን እናውራ፣ እዚህ ላይ የእኛ ጽሑፍ የራሱ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አሠራር) የሆነ ፎንት ብቻ ተጠቀሙ። የድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ፋይሉ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ወደማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ይለወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ፣ ለንግድ ሥራም የተፈቀደ ሲሆን ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ውፍረት አለው። ለማስታወቂያ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ከፍ አድርጉ። ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው ዓይን የቃሉን ቅርጽ ከሩቅ ይይዘዋል። የእኛ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሴ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። ጽሑፉ ሲያንስ ወይም ፎንቱ ከልክ በላይ ሲወፍር ጭረቷ ትዋጣለች። ስልክ ላይ አድርጋችሁ በተዘረጋ ክንድ ርቀት አንብቡት። ያመነታችሁበት ፊደል ካለ አጉሉት።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ሲገባ በፊደል በፊደል ከምታወጡት በቃል በቃል አውጡት። ፊደሎች አንድ በአንድ ሲፈናጠሩ ማንበብ ያደክማል። አንድ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መቆየት ያለበት ረጋ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃችሁን ያህል ነው። እናንተ ጽሑፉን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ተመልካቹ ግን ገና ማየቱ ነው።

በጀርባውና በጽሑፉ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታይ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። ይህን የሚለኩ ነፃ ገጾች ኢንተርኔት ላይ አሉ። ነጭ ጽሑፍ ቢጫ ላይ አያልፍም፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ግን ያለ ችግር ያልፋል።

5. ሶፍትዌሩ

ብዙ ባለሙያ የሚሠራው በአዶቤ አፍተር ኢፌክትስ ነው፣ በደንበኝነት ክፍያ ነው የሚገኘው። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ቅጂ ፊውዥን የሚባል የሞሽን ግራፊክስ ክፍል አለው። ብሌንደርም ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ኮምፒውተር ከሌላችሁ አላይት ሞሽን የሚባለው መተግበሪያ ስልክ ላይ ኪፍሬም (የእንቅስቃሴ መነሻና መድረሻ ምልክት) ያሠራል። በያዛችሁት ጀምሩ። ከዚህ በታች የምለው በአፍተር ኢፌክትስ ስሞች ነው፣ አሠራሩ ግን የትም ቢሆን ያው ነው።

6. ማንቀሳቀስ

ኮምፖዚሽኑን (ሥራው የሚደረደርበትን መድረክ) በ1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ክፈቱ። አኒማቲኩን ከታች አስቀምጡና በእሱ ላይ ሥሩ።

የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ ጠጋ ብለን እንየው፣ ሸሚዙ ባንኮኒ ላይ ሲወድቅ። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነገር ነው። ግን እዚህ ላይ የተማራችሁት ለሁሉም ይሠራል።

መጀመሪያ የሸሚዙን አንከር ፖይንት (የሚለጠጥበትንና የሚዞርበትን ማዕከል) ወደ ታችኛው ጠርዝ አውርዱት። መሐሉ ላይ ከተዋችሁት ሸሚዙ ሲጨፈለቅ ከባንኮኒው ላይ ይነሳል፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ከዚያ ፖዚሽን (ቦታ) ላይ ሁለት ኪፍሬም አድርጉ። ፍሬም 0 ላይ ከስክሪኑ በላይ፣ ፍሬም 10 ላይ ባንኮኒው ላይ።

አሁን ብዙ ጀማሪ ሁለቱንም ኪፍሬም መርጦ ኤፍ 9 ይጫናል፣ ኢዚ ኢዝ (ሲነሳም ሲያርፍም እንዲዘገይ የሚያደርገውን)። ውጤቱ ሸሚዙ እንደ ላባ ቀስ ብሎ ማረፉ ነው። የሚወድቅ ነገር እየፈጠነ ይሄዳል እንጂ መሬት ሊነካ ሲል አይዘገይም። ስለዚህ ኢዙን ለመጀመሪያው ኪፍሬም ብቻ ስጡ፤ ሲነሳ ዝግ ብሎ ይነሳ። ሁለተኛው ሹል ሆኖ ይቅር። ግራፍ ኤዲተሩን ከፍታችሁ የፍጥነቱን መስመር ስታዩ እስከ ፍሬም 10 ድረስ ሽቅብ ወጥቶ እዚያ ላይ ድንገት መቆረጥ አለበት።

ቀጥሎ ስኬል፣ መጠኑ በመቶኛ። ፍሬም 10 ላይ 100 በ100። ፍሬም 12 ላይ ወርዱ 110፣ ቁመቱ 88። ፍሬም 16 ላይ ወርዱ 96፣ ቁመቱ 105። ፍሬም 20 ላይ ተመልሶ 100 በ100። ዱብ ብሎ ተጨፈለቀ፣ ትንሽ ተነሳ፣ ረጋ። ቁጥሮቹን እንደ ልብሱ ክብደት ቀያይሩ። ወፍራም ካፖርት ቢሆን ኖሮ መጨፍለቁ ያንሳል፣ ተመልሶ መነሳቱም ከነአካቴው ይቀራል።

እጅጌዎቹን ሰውነቱን እየተከተሉ እንዲንቀሳቀሱ ከሸሚዙ ሰውነት ጋር በፓረንት አያይዙ። የእነሱን ሮቴሽን (መዞር) ግን ሁለት ወይም ሦስት ፍሬም አዘግዩት። ሰውነቱ ሲያርፍ እጅጌዎቹ ገና እየወረዱ ናቸው፤ ከዚያ ትንሽ አልፈው ይመለሳሉ። ይህች ትንሽ መዘግየት ናት ጨርቁን ጨርቅ የምታስመስለው። በመጨረሻ ከሥሩ ያለው ጥላ፦ ሸሚዙ ሩቅ ሳለ ሰፊና ደብዛዛ፣ ሲቀርብ ጠበብና ጠቆር ይበል።

ጽሑፍ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፈጥኖ ገብቶ ቀስ ብሎ ይቆማል። ከ10 እስከ 15 ፍሬም ይበቃዋል። ሲወጣ ግን አጠር ያለ ይሁን፣ የሚሄደውን ነገር ማንም ቆሞ አይሸኘውም።

ወደ ሰዓቱ እንሂድ። የማሽኑን በር ክብ በሼፕ ሌየር ሥሩ። ውስጡ ያለው ሸሚዝ ይዙር፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ። በጣም ሲፈጥን ሞሽን ብለር (የፍጥነት ብዥታ) ያበራችሁለት ሸሚዝ ወደ ብዥታ ይለወጣል። በዚያ ብዥታ ውስጥ ሸሚዙን በስድስት ፍሬም ውስጥ አጥፉት፣ የሰዓቱን ዘንግ በዚያው ፍጥነት እየዞረ አስገቡት። ዓይን እንቅስቃሴውን ስለሚከተል ልውውጡን አያየውም። ዘንጉ እየዘገየ ሄዶ ማታ ላይ ይቁም። የጀርባው ቀለም ዘንጉ መዞር ሲጀምር ጀምሮ ዘንጉ ሲቆም ይጨርስ። ቀለሙ ቀድሞ ካለቀ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፣ «ጊዜ ሄደ» የሚለው ትርጉም ይጠፋል።

ስክሪኑ ላይ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ አታንቀሳቅሱ። በየቅጽበቱ ዓይን የሚከተለው አንድ መሪ ይኑር፣ ሌላው ይጠብቅ። ሁለት ነገር አብሮ መግባት ካለበት ሦስት ወይም አራት ፍሬም አቀዳድሟቸው። ዋናው ጽሑፍ ከገባ በኋላ ምንም የማይንቀሳቀስበት አንድ ሰከንድ ተኩል ተዉ። ዝም ያለው ጊዜ ያስፈራል፣ በተለይ ባለቤቱ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሲያይ። ግን ሰው የሚያነበው ያኔ ነው።

ብልጭታን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ቦግ እልም የሚል ነገር አትሥሩ። ለብርሃን ስሱ የሆነ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊጎዳ ይችላል።

7. ድምፅ

ጥሩ ድምፅ ያለው ተራ አኒሜሽን፣ መጥፎ ድምፅ ካለው ምርጥ አኒሜሽን ይሻላል። ስለዚህ ለድምፁ በቂ ቀን አስቀሩ።

ስቱዲዮ ከሌላችሁ ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ከፍታችሁ ፊት ለፊቱ ቅረጹ። ልብሱ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ማቀዝቀዣና ማራገቢያ ይጥፉ። አንባቢው እያንዳንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ይድገመው፣ አንዱን ፈገግ ብሎ። ፈገግታ በድምፅ ይሰማል። መቁረጡና ማጽዳቱ ነፃ በሆነው ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ሶፍትዌር ይሠራል። ትክክለኛው ድምፅ ሲመጣ አኒሜሽኑን መልሳችሁ አስተካክሉ፤ «ማታ» የሚለው ቃል ዘንጉ ማታ ላይ ሲቆም ይውደቅ።

ሙዚቃ በፈቃድ ብቻ። የታወቀ ዘፈን ቆርጦ መጨመር የአርቲስቱን መብት መንካት ነው፤ በዚያ ላይ ዩቲዩብ ራሱ ለይቶ ቪዲዮውን ሊያግደው ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ለመብቱ ባለቤት ሊሰጠው ይችላል። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት በሚሰጠው ፈቃድ) የወጡ ሙዚቃዎችም ሁሉም አይሆኑም። «ለንግድ ላልሆነ» የሚል ገደብ ያለበትን ለማስታወቂያ መጠቀም አይቻልም። ፈቃዱን የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱና ከፕሮጀክቱ ጋር አስቀምጡ።

ትንንሽ ድምፆችን አትርሱ። ሸሚዙ ፍሬም 10 ላይ ሲያርፍ ለስለስ ያለ «ዱብ»፣ በሩ ሲዘጋ «ቀጭ»፣ ሸሚዙ ወደ ማሽኑ ሲንሸራተት «ሽሽ»። ድምፁ ከሥዕሉ ጋር በፍሬም ይገጣጠም። ሙዚቃውን ንግግር ባለበት ቦታ ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት። ከዚያ በጥሩ ሄድፎን ብቻ አትስሙት፤ በስልክ ስፒከርም አዳምጡት፣ ተመልካቹ የሚሰማው በእሱ ነው።

8. የመጨረሻዋ ገጽ

አራት ሰከንድ ትቆይ። ሎጎ፣ አንድ ስልክ ቁጥር፣ አንድ መስመር አድራሻ። ሦስት ቁጥር ከሰጣችሁት ሰው አንዱንም አይይዝም። ቁጥሩን ከፋፍላችሁ ጻፉት፣ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት አድርጋችሁ። ሳታስረክቡ በፊት ካለቀው ቪዲዮ ላይ እያነበባችሁ ደውሉ። ስልኩን ያነሳው ሰው ላውንደሪው ከሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው።

9. ማሳየትና ማረም

ድርጅቱን ለማያውቅ ሰው ድምፁን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩት። ከዚያ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጠዋት ሰጥተህ ማታ ትወስዳለህ» ካላችሁ ደርሷል። «ያምራል፣ ቀለሙ ደስ ይላል» ካላችሁ አልደረሰም፤ ወደ ዋናው ጽሑፍና ወደ ሰዓቱ ተመለሱ። እናንተ ለማስረዳት አፋችሁን አትክፈቱ፣ ቪዲዮው ስልክ ላይ ሲታይ አጠገቡ አትቆሙም።

ስንት ዙር እርማት እንደሚካተት ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ፣ ሁለት ዙር ለዚህ ርዝመት ተገቢ ነው። አስተያየት ከአንድ ሰው በአንድ ዝርዝር ይምጣ፣ እያንዳንዱም ሰከንዱ ይጻፍበት። ባለቤቱ፣ ወንድሙና ሒሳብ ሠራተኛዋ ለየብቻ መልእክት ከላኩላችሁ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ይደርሳችኋል።

«ሎጎው ይተልቅ» ሲባል አትከራከሩ፣ ምክንያቱን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ስሙ ጎልቶ እንዲታይ ነው። ያንን ሎጎውን ሳታሳብጡ፣ ዙሪያውን ባዶ በማድረግ ወይም ግማሽ ሰከንድ በመጨመር ታመጡታላችሁ።

10. ማውጣትና ማስረከብ

ለኢንተርኔት ኤምፒ 4 ፋይል፣ በኤች 264 የቪዲዮ መጭመቂያ፣ ድምፁ ኤኤሲ 48 ኪሎኸርዝ። ዩቲዩብ ለ1080 ቪዲዮ በመደበኛ የፍሬም ፍጥነት በሰከንድ 8 ሜጋቢት ይመክራል፤ ትንሽ ከፍ ብታደርጉት አይጎዳም። ከዚህ ሌላ ያልተጨመቀ ወይም ጥራቱን በሚጠብቀው ፕሮሬስ የሆነ ማስተር (ዋና) ፋይል ለራሳችሁ አስቀሩ።

የቁም ቅጂ ከተፈለገ የአግድሙን ጎንና ጎን ቆርጣችሁ አትስጡ። ኮምፖዚሽኑን ባዙና እንደገና ደርድሩት። የእኛ ክብ መሐል ላይ ስለሆነ ለሁለቱም ይመቻል፤ ጽሑፉ ግን «ጠዋት ሰጥተው» ከላይ፣ «ማታ ይረከቡ» ከታች ሆኖ በሁለት መስመር ይሁን።

ለባለቤቱ በመልእክት መላኪያ ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ መተግበሪያው ይጨምቀውና ጽሑፉ ይደበዝዛል። ባለቤቱም ለሌላ ሲያስተላልፍ እንዲሁ እንዲያደርግ ንገሩት።

በመጨረሻ አፍተር ኢፌክትስ ላይ ኮሌክት ፋይልስ የሚለውን ተጠቅማችሁ ፕሮጀክቱን፣ ሥዕሎቹንና ድምፁን አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ፤ የሙዚቃ ፈቃዱንና ፎንቱንም አብራችሁ ጨምሩበት። በሁለት ቦታ አስቀምጡት። ፋይሎቹን በድርጅቱ ስም፣ በመጠኑና በቀኑ ሰይሟቸው። ላውንደሪው ስልክ ቁጥር ሲቀይር ወይም ሌላ ቦታ ሲገባ ፎልደሩን ከፍታችሁ የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ታስተካክላላችሁ።